ሳምሰንግ 870 ኢቮ ኤስኤስዲ በአሮጌ ቲንክፓድ ላይ፣ ከወራት በኋላ

ላፕቶፔ ቲንክፓድ ቲ430 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ5። በዊንዶውስ 7 ዘመን ደህና ይሠራ ነበር፤ ዊንዶውስ 10 ሲጫንበት ግን መንቀርፈፍ ብቻ ሆነ ሥራው።

ሰው ሁሉ «ፎርማት አድርገው» ይላል። ይደረጋል፣ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ነው። ታስክ ማናጀርን ስከፍት ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ዲስኩ ግን 100% ላይ ተሰቅሏል። ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ 10 እናንተ ምንም ሳትነኩት አፕዴት ያወርዳል፣ ፋይል ይመዘግባል፣ ቫይረስ ይፈትሻል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ከቦታ ቦታ እየሄደ ስለሚያነብ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በሰከንድ ከ100 ጊዜ ብዙም አልፎ አያነሳም። ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገጠም፣ ፋይሉን ቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በሰከንድ በአሥር ሺዎች ያነሳል።

የገዛሁት ኤስኤስዲ ሳምሰንግ 870 ኢቮ፣ ባለ 500 ጊጋው ነው። ቲ430 ላይ መግጠም ቀላል ነው፤ ከሥር ያለችውን ክዳን የያዘችው አንዲት ብሎን ነች። ስትገዙ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ በሉ፣ አለበለዚያ ኤም ዶት ቱ (እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነውን የአዳዲስ ላፕቶፖች ኤስኤስዲ) ይሰጧችሁና የምትሰኩበት ታጣላችሁ።

አሁን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሳል። የሒሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪንና ከባድ ኤክሴል አንድ ላይ ከፍቼ እሠራለሁ፣ ሃንግ አያደርግም። ባትሪው የሞተ ስለሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ድርግም ይላል፤ ሲመለስ ግን ወዲያው ሥራ ላይ ነኝ። (ሴቭ ያልተደረገውን ኤስኤስዲም አያተርፈውም!) ታክሲ ውስጥ ሲንገጫገጭም እንደ ድሮው አልሳቀቅም።

ያልፈታው ነገር ራም ነው። 4 ጊጋ ላይ ክሮም ብዙ ታብ ሲከፈትበት አሁንም ይጎተት ነበር፣ ስለዚህ ሌላ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ጨመርኩ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ግን እኔ ኤስኤስዲውን ነው የማስቀድመው። «ኮምፒውተር ያፈጥናል» ለሚባል ሶፍትዌር ሳንቲም አታውጡ፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ ላይ ገብቶ የማያስፈልገውን ማጥፋት ይበቃል። ዲፍራግመንትም (የተበታተነ ፋይል መሰብሰብ) ይቅርባችሁ፣ ኤስኤስዲ የሚፈልገውን ዊንዶውስ ራሱ ያደርግለታል።

ያልቃል ብላችሁ ለምትፈሩ፣ ዋስትናው 5 ዓመት ወይም 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው። በቢሮ ሥራ 300 ቴራ የሚሞላ ሰው አላውቅም።

አንድ ነገር አለ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል፣ ቲ430 ሁለቱም የሉትም። በዊንዶውስ ፈንታ ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ልጭንበት አስቤያለሁ፤ ለዊንዶውስ የተሠራውን ፒችትሪን የት እንደማደርገው ግን ገና አልወሰንኩም።