ጊዜያዊ የደም ካንሰር ሐኪም ለምትፈልጉ፦ አንዲት ሲስተር ልጠቁማችሁ

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ለአንዲት ነርስ ነው። ጥቆማው ደግሞ በየክልሉ የካንሰር ክፍል ይዛችሁ «ሄማቶሎጂስት (የደም በሽታ ስፔሻሊስት) ከየት እናምጣ?» እያላችሁ ለምትብሰለሰሉ ባልደረቦቼ።

ስሟን አልጽፍም። «ዶክተር፣ ማመስገን ከፈለግክ አመስግን፤ ስሜን ግን ፌስቡክ ላይ እንዳላየው» ብላኛለች። የሆስፒታሉን ስም ከጻፍኩ እሷን መጻፌ ስለሆነ እሱንም ትቼዋለሁ። ሲስተር እያልኩ ልቀጥል። ግቢያችን ውስጥ ስም ሳይጠራ «ሲስተር ብላለች» ከተባለ ሁሉም ሰው ማን እንደሆነች ያውቃል።

መጀመሪያ ችግሩን ላስረዳ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ፣ ኩላሊት የየቀን ስራዬ ነው። የደም ካንሰር ታካሚም የሚተኛው እኛው ዋርድ ነው፤ ሌላ የሚሄድበት የለማ። ግን የደም ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። በየቀኑ ኪኒን እየተዋጠ ለብዙ ዓመታት የሚኖሩበት አለ። ህክምናው በቶሎ ካልተጀመረ በሳምንታት ውስጥ የሚገድልም አለ። ሁለቱም «የደም ካንሰር» ተብለው ነው በር ላይ የሚደርሱት።

በኛ በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሁመራ ወይ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ይመጣል። ከስቷል። ያተኩሰዋል። ጣፊያው አብጦ እምብርቱ ጋ ደርሷል። የደም ቁጥሩ ወርዷል። እናቱ «የደም ካንሰር ነው አሉኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። መቅኔው ተወስዶ ሲታይ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ፣ ይሆናል። ካላዛር ቀልድ አይደለም፣ ግን ታክሞ ይድናል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ሲባል ከርሞ መጨረሻ ላይ ሉኪሚያ (አንዱ የደም ካንሰር ዓይነት) የሚሆን። እኛ ያጣነው ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብሎ «ይሄ እንዲህ ነው» የሚለንን ሰው ነበር።

ድሮ የምናደርገው ይታወቃል። አዲስ አበባ ሪፈር እንጽፋለን። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ህክምና ማዕከል ነበር፤ የደም ካንሰር ታካሚውም ከየአቅጣጫው ወደዚያው ይጎርፍ ነበር። ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት ያርፋል። የሌለው መከራውን ያያል። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ማረፊያ እየሰጡ ብዙ ሰው ታድገዋል። ሶሳይቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመሰረት የተሰየመው በሉኪሚያ በሞተ ህጻን ልጅ ስም ነው። በኋላ መንግሥት የካንሰር ህክምናውን ወደ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደርና መቀሌ ለማስፋት ተነሳ። ደግ አደረገ። ህንጻ ይገነባል፣ ማሽን ይገዛል። ሄማቶሎጂስት ግን በጨረታ አይመጣም። ውስጥ ደዌ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ዓመታት ቆጥሮ የሚማር ሰው ነው። ያሉትም አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው።

እኛም እንደ ሰው ማስታወቂያ አወጣን። «ሄማቶሎጂስት፣ ደመወዝ በስኬሉ መሰረት።» ማንም አልደወለም። ለምን ይደውላል? አዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት ማታ ማታ የግል ክሊኒክ ይሰራል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። የቤት ኪራይ አለበት። «በስኬሉ መሰረት» ስለተባለ ይህን ሁሉ ጥሎ አይመጣም።

ያኔ ነው ሲስተር «እስቲ ለኔ ስጡኝ» ያለችው። የኬሞ ክፍሉ አስተባባሪ ናት። ሰው መቅጠር ስራዋ አይደለም፤ የሰው ሃብት ቢሮው ትንሽ ቅር ሳይለውም አልቀረም።

ቋሚ ሰው መፈለጉን ተዉት አለች። ጊዜያዊ ይሁን። በዙር እየመጣ የሚሄድ፣ በመሃል በስልክ የሚያግዝ። ከዚያ ደብዳቤ ጻፈች። የመስሪያ ቤት ደብዳቤ መቼም ታውቁታላችሁ፤ «ከፍተኛ የባለሙያ እጥረት ስላጋጠመን በትህትና እንጠይቃለን» ተብሎ ማህተም ይረገጥበታል። የሷ ሌላ ነው። ያለንን ዘረዘረች፣ የሌለንን ደግሞ አስበልጣ ዘረዘረች። የደም መቁጠሪያ ማሽን አለ፣ ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያ ኬሚካሉ) ግን አንዳንዴ ያልቃል። የመቅኔ መርፌ አለ። የካንሰር ህዋሱን ዓይነት የሚለየው ፍሎው ሳይቶሜትሪ የለም። የጄኔቲክ ምርመራ ናሙና አዲስ አበባ ይላካል። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ቀድሞ ካልተነገረ አይገኝም። የእንግዳ ማረፊያውን ፎቶ አያያዘችበትና «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ዋርዱን እንጂ ይህን ክፍል አያበራም» ብላ ጨመረችበት። ሜዲካል ዳይሬክተራችን አንብቦ «ይህን እያየ ማን ይመጣል?» አላት። «ሳያይ መጥቶ በማግስቱ ከሚመለስ ይሻላል» አለችው።

ደብዳቤው ከእጅ እጅ ዞሮ አንድ ሐኪም ጋ ደረሰ። ደወሉ። ስለ ገንዘብ ከማውራታቸው በፊት ሲስተር «ምን ያስፈልግዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። የፈለጉት ቀላል ነበር፤ የዓመት እረፍታቸው እንዳይቃጠል ከመስሪያ ቤታቸው ፈቃድ፣ ሲመጡ የተዘጋጀ ታካሚ፣ ሲሄዱ የሚረከባቸው ሰው። ስለዚህ ውሉ በሁለቱ ሆስፒታሎች መካከል ሆነ። ደመወዛቸው እዚያው ይቀጥላል፣ እኛ ትኬት፣ ማረፊያ፣ ውሎ አበልና የዲዩቲ ክፍያ እንችላለን። የሙያ ፈቃዳቸውና የስፔሻሊቲ ማስረጃቸው ኮፒ ከመምጣታቸው በፊት ፋይል ውስጥ ገባ። ክፍያው ለቀጣዩ ወር እንዳይሻገር ፋይናንስ ቢሮ ደጃፍ ላይ እየተቀመጠች አስጨረሰችው። እሷ ደጃፍህ ላይ ከተቀመጠች መፈረም ይሻልሃል።

በእውነት ለመናገር፣ ሐኪም ማግኘቱ ከስራው ትንሹ ነበር። እንግዳ ስፔሻሊስት መጥቶ ታካሚ ሳይነገረው ቀርቶ፣ መርፌ ስቶር ውስጥ ተቆልፎበት፣ ሻይ ጠጥቶ የተመለሰበትን ጊዜ ብዙዎቻችን አይተናል። ሲስተር ካርዶቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ምርመራቸው ያላለቀውን፣ ኬሞ የጀመሩትን፣ ሪፈር ተጽፎላቸው ገንዘብ አጥተው ቤታቸው የቀሩትን ለየች። የመጨረሻዎቹን ፈልጎ ማግኘት ከሁሉም የከበደ ነበር። ስልክ የሌላቸውን በቀበሌና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል አስጠራቻቸው። የክሊኒኩን ቀን ከገበያ ቀን ጋር ገጠመችው፤ በገበያ ቀን ከገጠር መኪና አይጠፋም። የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ ቀን ነው፣ የታካሚ ቀጠሮ በሐበሻ። በዚህ መሃል ስንት ቀጠሮ እንደሚበላሽ የሰራበት ያውቀዋል። እሷ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ጻፈች።

መቅኔ ከተቀዳ በኋላ ወዲያው ስላይድ ላይ ካልተቀባ ይረጋል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ባለሙያው ናሙና እስኪመጣለት ቢሮው እንዳይጠብቅ፣ አልጋው አጠገብ እንዲቆም አደረገች። ፕላትሌት ደግሞ ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን አካባቢ ብቻ ነው፣ ከርሞ የሚወጣ ነገር አይደለም። ከባድ ኬሞ የሚጀመርበትን ቀን ለደም ባንኩ ቀድማ ነገረች፤ ለጋሾችም በዚያው ልክ ተጠሩ።

ሐኪሙ መጡ፤ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ታካሚው ተሰልፎ፣ ስላይዱ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አንድ ገበሬ ነበሩ። በጤነኛ ሰው ነጭ የደም ህዋስ በማይክሮሊትር ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ገደማ ነው። የሳቸው 200 ሺህን አልፎ ነበር፣ ጣፊያቸውም ሆዳቸውን ሞልቶታል። ሐኪሙ የደም ስላይዱን አይተው ሲኤምኤል የሚባለው ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር ነው አሉ። ለዚህ በሽታ ኢማቲኒብ የሚባል ኪኒን አለ። ብዙዎቻችሁ ግሊቬክ በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የበሽታውን ታሪክ ቀየረው። በአገራችን ማክስ ፋውንዴሽን በተባለ ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ለታካሚዎች በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። ግን ለመመዝገብ በሽታው በጄኔቲክ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ናሙናው በማግስቱ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ቁጥሩን የሚያወርድ መድኃኒት ተጀመረላቸው። አሁን ኪኒናቸውን እየዋጡ ነው፤ ባለፈው ሲመጡ ስለ ጤፋቸው ነው ያወሩኝ።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ዘግይተው የመጡ ነበሩ፣ ያጣናቸውም አሉ።

ሐኪሙ ሲሄዱ የቀሩልን ነገሮች ለኔ ትልቁ ትርፍ ናቸው። ኬሞ የወሰደ ታካሚ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ካርድ ክፍል አይሰለፍም፤ ቀጥታ ይገባና በ1 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል። ቪንክሪስቲን በደም ስር ብቻ የሚሰጥ የኬሞ መድኃኒት ነው፣ በስህተት በአከርካሪ ቢገባ ይገድላል። ስለዚህ ለአንድ ታካሚ የወገብ ኬሞ በሚሰጥበት ቀን ቪንክሪስቲን ወደ ክፍሉ አይገባም። ሁለቱም ደንቦች በሲስተር የእጅ ጽሁፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ሬዚደንቶቹ (ስፔሻሊቲ የሚማሩት ሐኪሞች) የማይክሮስኮፑን ምስል በስልክ አንስተው፣ የታካሚ ስም ሳይኖርበት፣ በቴሌግራም ይልኩላቸዋል። መልሱ አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ላይ ይመጣል። እኒህን ሐኪምም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እሳቸውም «ምስጋናው ለሲስተር ይሁን» ስላሉ ነው ያሳጠርኩት።

አሁን ወደ ጥቆማው። ጊዜያዊ ስፔሻሊስት የምትፈልጉ ሆስፒታሎች፣ የደም ካንሰር ባይሆንም፣ ሲስተርን አማክሯት። የደብዳቤውን፣ የውሉንና የዝግጅት ዝርዝሩን ቅጂ ለመስጠት ፈቃደኛ ናት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከሰዓት ከ10 በኋላ ብትደውሉ ይሻላል፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ አታንሳም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ንግግሯ ለስላሳ አይደለም። «በጀት ጠይቀናል፣ እየጠበቅን ነው» ካላችኋት «እሺ፣ ሲመጣ ደውሉ» ብላ ትዘጋዋለች።

ሄማቶሎጂስት የሆናችሁ ደግሞ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ውጭ አገር፣ የሚቀጥለው ዙር ቦታ ገና አልተያዘም። ፍላጎት ካላችሁ ጻፉልኝ። የሌለንን ዝርዝር ሲስተር ቀድማ ትልክላችኋለች።