ዌስት ሲስተም 105 ኢፖክሲ ለሸራ ጀልባ የውስጥ በር

የሸራ ጀልባ የውስጥ በር መበላሸት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከታች ነው፤ የኮምፔንሳቶው ጠርዝ ውሃ ይመጥና የላይኛው ስስ የቲክ ልባስ ይላቀቃል። ለዚህ ጥገና የዌስት ሲስተም 105 ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ሲቀላቀል የሚደርቅ ፈሳሽ ሙጫ) ከ205 ማጠንከሪያው ጋር በጣም አስተማማኝ ነው። ልኬቱ በመጠን 5 እጅ ሙጫ ለ1 እጅ ማጠንከሪያ ነው። በዓይን ግምት ከተቀላቀለ በትክክል አይጠነክርም፤ ማጠንከሪያ ማብዛትም አያፈጥነውም።

በሩን ከማጠፊያው ፍቱና በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ኢፖክሲ አይጠጣም። መጀመሪያ ያልወፈረውን ድብልቅ በሲሪንጅ ወደ ስንጥቁ አስገቡ፣ ከዚያ 406 በተባለው ማወፈሪያ ዱቄት የወፈረውን። በላስቲክ ሸፍናችሁ በሞርሳ ያዙት፣ ግን ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ ሙጫው ተጨምቆ ይወጣል። ድብልቁ በ22 ዲግሪ ሙቀት ኩባያ ውስጥ ሳይጠነክር የሚቆየው ከ9 እስከ 12 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በጥቂት በጥቂቱ በጥብጡ። ሙቀት በሚበዛበት ወደብ ቀስ ብሎ የሚያጠነክረው 206 ማጠንከሪያ ይሻላል።

ትልቁ ጉድለቱ ሲጠነክር ሰም የመሰለ ሽፋን መተዉ ነው። ከመሞረድ በፊት በውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠቡት፤ አለዚያ ቫርኒሹ ይላጣል። የታችኛውን ጠርዝና የብሎን ቀዳዳዎቹንም ኢፖክሲ አጠጡ። ፀሐይ ስለሚጎዳው መስኮት ፊት ያለው ገጽ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ያስፈልገዋል።