የካሌንደር ሃውስ ወጥ ቤት

በስኮትላንድ ፋልከርክ ከተማ የሚገኘውን ካሌንደር ሃውስን ያየሁት በምግብ አብሳይ ዓይን ነው፤ ሃያ ዓመት ምድጃ ፊት ቆሜያለሁና። መግቢያው በነጻ ነው። ከውጭ ሲያዩት የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ይመስላል፤ በውስጡ ግን የ14ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ አለ። የቀድሞ ባለቤቱ የሊቪንግስተን ቤተሰብ፣ የተሻረው የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤተሰብ ደጋፊዎች እ.ኤ.አ. በ1715 ካነሡት ዐመፅ በኋላ ርስቱን ተነጠቀ። በ1783 ዊልያም ፎርብስ የተባለ የመዳብ ነጋዴ ገዛው፤ ሀብቱን ያካበተው ለብሪታንያ የጦር መርከቦች መለበጫ መዳብ በማቅረብ ነበር። ከ1963 ጀምሮ ደግሞ የከተማው ንብረት ሆነ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

እኔን ግን አላንቀሳቅስ ያለኝ በ1825 መልክ የተሰናዳው ወጥ ቤት ነው። የዘመኑን ልብስ የለበሰች ሴት እሳቱ አጠገብ ቆማ ሥጋው በዘንግ ላይ እየዞረ እንዴት እንደሚጠበስ በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ በጥንቱ አሠራር የተጋገረ ብስኩትም አቀመሰችኝ። ያንን ሙቀት፣ ያንን የወገብ ሕመም አውቀዋለሁ! ስለ ጌቶቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አብሳዮቹ እጆች የሚናገር ክፍል ማግኘቴ ልቤን ነካው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ሳይደክማቸው በፊት መጀመሪያ ወደ ወጥ ቤቱ ግቡ። የጥንት ሮማውያን የሠሩት የድንበር መከላከያ፣ የአንቶኒን ግንብ ርዝራዥ እዚያው መናፈሻው ውስጥ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።