ከቡአ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ብረት ለመለሰችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አምስት ወር ያዘገየሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ደህና መሆኔን ራሴ ሳላረጋግጥ ሌላውን ሰው መጠቆም ስላልፈለግሁ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሕመሙ ቡአ ስለሆነ ነው። ስሙ በእኛ ዘንድ ለስድብ ጭምር ስለሚውል፣ በቀኝ ብሽሽቴ ስቆም ወጣ ብሎ ስተኛ የሚመለሰውን እብጠት ለባለቤቴ እንኳ ሳልናገር፣ ወገቤን በቀበቶ ጠፍሬ አንድ ዓመት ሙሉ ብረት ሳነሳ ኖሬአለሁ። ቀበቶ የተከፈተ የሆድ ግድግዳ እንደማይዘጋ የተረዳሁት በኋላ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ፣ ክፍተቱ በመረብ ተጠግኖ ተሠራልኝ፤ በማግስቱም ቤቴ ገባሁ። ሐኪሙን በአካል አመስግኛለሁ። ነገር ግን የመውጫ ወረቀቴ ላይ የሰፈረው ምክር «ከባድ ዕቃ አያንሱ» የሚል ብቻ ነበር። ከባድ ማለት ስንት ኪሎ ነው? እስከ መቼስ ነው? የሚነግረኝ አጥቼ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ባለቤቴ 20 ሊትር ጀሪካን ስትጎትት ቆሜ እያየሁ ስሳቀቅ ሰነበትሁ።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሄድሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዕድሜዋ ከእኔ ያንሳል፤ «ጋሼ» እያለች ታከብረኛለች፤ ስታዝ ግን አትምርም። የመጀመሪያውን ቀጠሮ በሙሉ ያሳለፍነው በመተንፈስ ነው፤ ጉልበት በማወጣበት ቅጽበት ትንፋሼን አምቄ ሆዴን እንዳልወጥር፣ ይልቁንም እያስወጣሁ እንድነሳ ደጋግማ አሠራችኝ። ከአልጋ ስነሳ በጎኔ ዞሬ በክንዴ እንድደገፍ፣ ሳል ሲመጣብኝ ቁስሉን በትራስ እንድይዝ አሳየችኝ። ቀጥሎ የጠየቀችኝ ስለ ሆድ ድርቀት ነበር። አፈርሁ፤ እርሷ ግን ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥ ለስፌቱ ከብረት እንደማይሻል ነግራኝ፣ ውሃና ተልባ አዘዘችልኝ።

በጂም ክብደት ከሚጫንበት የብረት ዘንግ፣ ከባሩ፣ በፊት ያስነሳችኝ ያንኑ ያስጨነቀኝን ጀሪካን ነው። በአንድ እጅ የተንጠለጠለ 20 ኪሎ ውሃ ሰውነትን ወደ አንድ ጎን እየጎተተ የሆድን ጡንቻ ስለሚያስጨንቅ፣ በሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ጀምሬ ቀስ በቀስ እስከ 20 ኪሎ ድረስ፣ ሸክሙን በሁለት እጄ እኩል እያከፋፈልሁ እንድሄድ አደረገች። ሐኪሙ ፈቅዶልኝ በሰባተኛው ሳምንት ወደ ጂም ስመለስ፣ ባዶው ባር ራሱ 20 ኪሎ ስለሆነ፣ ክብደቱን ሰውነቴ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ከዚያ በኋላ በሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አልጨመርሁም፤ በማግስቱ ጠዋት ብሽሽቴን የሚስበኝ ነገር ካለ ወደ ቀደመው ክብደት እመለሳለሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ዛሬ በዴድሊፍት፣ ማለትም ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ በመቆም፣ 80 ኪሎ አነሳለሁ፤ ከሕመሙ በፊት 130 ነበር፣ እዚያ ለመድረስም አልቸኩልም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ስለ ስግደት ጠየቅኋት። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ፈገግ ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ እርሷ ግን ምንጣፍ አንጥፋ፣ እንዴት በጉልበቴ ደረጃ በደረጃ ወርጄ እንደምነሳ እዚያው አለማመደችኝ። ከስምንተኛው ቀጠሮ በኋላ ደግሞ ከዚህ በላይ እርሷ እንደማታስፈልገኝ ነግራ አሰናበተችኝ፤ መክፈል የሚችል ታካሚን በራሱ ፈቃድ የሚያሰናብት ብዙ አላየሁም።

እንደ እኔ ደብቃችሁ ብረት የምታነሱ ካላችሁ፣ በቃሌ ያስያዘችኝን ልንገራችሁ፤ እብጠቱ አልመለስ ብሎ ከጠነከረና ካመመ፣ በተለይም ማስታወክ ከተከተለ፣ አንጀት ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ፣ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የምትሠራው አዲስ አበባ ነው። ስትሄዱ የመውጫ ወረቀታችሁን ያዙ፤ ሳታነብበው አንድም ነገር አታስነሳችሁም።