አሮጌው ዴስክቶፔ በኤስኤስዲና በሃርድ ዲስክ፦ ከወራት በኋላ

ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ወይም የዘመኑ እኩያ የሆነ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ለቆራሌ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። የኔው ደሴ ፒያሳ፣ የኮምፒውተር ጽሑፍና ኮፒ ቤቴ ውስጥ ነው ያለው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ በሁለት ዲስክ ይሠራል። ለዊንዶውስ 240 ጊጋባይት ኪንግስተን ኤ400 ኤስኤስዲ (መረጃ በቺፕ ላይ የሚይዝ ፈጣን ዲስክ)፣ ለፋይል ደግሞ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ። ፕሮሰሰሩ ያው ኮር 2 ዱዎ ነው፤ ራሙም 4 ጊጋ። ሌላ ምንም አልነካሁም።

ለውጡ ትልቅ ነው። ድሮ ጠዋት አብርቼው ዎርድ እስኪከፈት ድረስ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አሁን ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው በሚጋፉበት ሰሞን ይህ ለኔ እንጀራ ነው።

“ማሽኑ ሳታ 2 (ዲስክን ከማዘርቦርድ ጋር የሚያገናኘው መስመር የድሮው ዓይነት) ስለሆነ ኤስኤስዲ ብትገጥምለት ዋጋ የለውም” የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሳታ 2 በሰከንድ ከ300 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፤ ኤ400 ደግሞ እስከ 500 ያነባል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ግን ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። የንባብ ጭንቅላቱ ቦታው እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጨመራል። ይህ በሺዎች ለሚቆጠሩ ፋይሎች ሲደጋገም ነው ያ ሁሉ መጠበቅ የሚመጣው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም። ስለዚህ የሳታ 2 ገደብ በዕለት ሥራ ላይ አይታወቅም።

መግጠሙ አያስፈራም። ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ኬዙን ከፍቶ፣ ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ የሳታ ዳታ ገመድና አንድ የፓወር ገመድ መሰካት ነው። ኤስኤስዲው ባለ 2.5 ኢንች ስለሆነ በ3.5 ኢንቹ ቦታ ላይ ማቀፊያ ብረት ይፈልጋል። ሃርድ ዲስኩ ግን በአራቱም ብሎን ጥብቅ ብሎ ይታሰር። የሚዞር ነገር ስለሆነ ከላላ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅም ያወጣል።

ዋናው ነገር ያለው ሴቲንጉ ላይ ነው። ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ የሳታ ሁነታው ኤኤችሲአይ የሚባለው፣ ለኤስኤስዲ የሚስማማው መሆኑን እዩ። ከተጫነ በኋላ ዝም ብሎ መቀየር ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። የማዘርቦርዷ ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የሚሏት፣ ከደከመች ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ሴቲንጉ ሊጠፋ ይችላል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ካያችሁ ባትሪዋን ቀይሩ። ከዲስክ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን “ዲስኩ ሞተ” ተብሎ የሚመጣ ማሽን በዚህ ብቻ ሲድን አይቻለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ ዊንዶውስ ስትጭኑ ኤስኤስዲው ብቻ ይሰካ። ሁለቱም ተሰክተው ከሆነ ዊንዶውስ የማስነሻ ክፍሉን ሃርድ ዲስኩ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። የጎረቤቴ ማሽን እንደዚያ ሆኖ ነበር። ሃርድ ዲስኩን ለሌላ ሥራ ሲነቅለው ኤስኤስዲው ብቻውን አልነሳ አለ። ጭናችሁ ስትጨርሱ ሃርድ ዲስኩን ሰክታችሁ በዲስክ ማኔጅመንት ክፈቱት። 1 ቴራው 931 ጊጋ ሆኖ ቢታያችሁ ማንም አልሰረቃችሁም፤ ፋብሪካውና ዊንዶውስ የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ከ2 ቴራ በላይ ከገዛችሁ ግን የዲስኩን አከፋፈል ሲጠይቃችሁ የድሮውን ኤምቢአር ሳይሆን አዲሱን ጂፒቲ ምረጡ፤ አለዚያ ትርፉን አታገኙትም።

ከዚያ የዴስክቶፕ፣ የዶክመንትስና የዳውንሎድስ ፎልደሮችን በፕሮፐርቲስ ውስጥ ሎኬሽን በሚለው በኩል ወደ ሃርድ ዲስኩ አዛውሩ። እኔ ይህን በማድረጌ ኤስኤስዲው እስካሁን አልሞላም። ዊንዶውስ እንደገና መጫን ቢያስፈልግ የደንበኛ ፋይል አይነካም።

አሁን ስለ ሃርድ ዲስኩ። እኛ አገር ዲስክ የሚገድለው አቧራና የመብራት መቆራረጥ ነው። በከፍታው በኩል ደሴ ላይ ስጋት የለም። ጭንቅላቱ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ስለሚሠራ አምራቾች የከፍታ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ለብዙዎቹ 3,048 ሜትር ነው። እኛ ያለነው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብርዱም ይስማማዋል። ኮምቦልቻ ላሉት ግን የኬዙን ፋን ከአቧራ ማጽዳት የግድ ነው፤ እዚያ ይሞቃል። መብራት በድንገት ሲሄድ እየተጻፈ ያለ ፋይል ይበላሻል፤ ይህ ለኤስኤስዲውም አይቀርለትም። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ከምንም በላይ ይጠቅማል። ፋይል ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት የምትበቃ ደቂቃ ከሰጠች ሌላ አልፈልግም።

ያገለገለ ሃርድ ዲስክ የምትገዙ ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሳታዩ ብር አትክፈሉ። ስንት ሰዓት እንደሠራና የተበላሸ ሴክተር (መረጃ የሚጻፍበት ትንሽ ክፍል) እንዳለው ያሳያል፤ ደህና ከሆነ ሰማያዊ፣ ካሰጋ ቢጫ ምልክት ይሰጣል። ቢጫ ከሆነ “ይሠራል እኮ” ቢሏችሁም ተዉት። ለኔ በየሳምንቱ ሁለቱንም ማየት ልማድ ሆኗል፤ እስካሁን ሰማያዊ ናቸው።

ኤስኤስዲው የማይመቸው ሥራም አለ። የራሱ ዲራም (ሥራውን የሚያፋጥን ጊዜያዊ ሜሞሪ) የሌለው፣ እንደ ኤ400 ያለ ርካሽ ኤስኤስዲ ትልቅ ፋይል ለረጅም ጊዜ ሲጻፍበት ፍጥነቱ ይወርዳል። የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ ከፍ ያለውን ግዙ። ለጽሑፍ፣ ለኮፒና ለፎቶ ግን ይህ ይበቃል። ፋብሪካው ለ240 ጊጋው የሰጠው የመጻፍ ገደብ በዕድሜው በጠቅላላ 80 ቴራባይት ነው፤ በኔ አጠቃቀም ማሽኑ ራሱ ቀድሞ ያረጃል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍና የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ስለዚህ ከኤስኤስዲው ላይ ትንሽ ቦታ ቆርጬ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭኛለሁ። ባንክና ኢሜይል የምከፍተው በእሱ ብቻ ነው።