አጥንቴ ከዳነ በኋላ እግሬን ለመለሰችልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲት የፊዚዮቴራፒ (የተጎዳን አካል በእንቅስቃሴ ወደ ሥራው የመመለስ ሕክምና) ባለሙያን ለማመስገን ነው። ደግሞም ጎንደር ውስጥ እንደ እኔ አጥንቱ ገጥሞ እግሩ ግን አልታዘዝ ያለው ሰው ካለ፣ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይወቅ ብዬ ነው።

ኅዳር ወር ላይ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ የቀኝ እግሬ ቅልጥም ተሰበረ። በቀዶ ሕክምና ብረት ገባልኝ። ሐኪሞቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ ከሆስፒታል ስወጣ ግን እግሬን መቼና እንዴት ማንቀሳቀስ እንደምጀምር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዘመድና ጎረቤት በፍቅር «አርፈህ ተኛ» አለኝ፤ ተኛሁ። ስምንት ወር ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ይቀርባል። ሐምሌ ላይ ሐኪሙ ራጁን አይቶ «አጥንቱ ገጥሟል» ሲለኝ ዳንኩ ብዬ እልል አልኩ። ቤት ገብቼ ዱካ ላይ ልቀመጥ ብል ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ መምህር፣ አንድ ክፍለ ጊዜ መቆም አቃተኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ፒያሳ አካባቢ ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰደኝ። ባለሙያዋን «የመጣሁት ለመታሸት ነው» አልኳት። እርሷ ግን ሜትር አውጥታ ሁለቱንም ጭኖቼን ለካች፤ የቀኙ በ4 ሴንቲ ሜትር ቀጥኗል። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ እጄን ሳልደገፍ ስንት ጊዜ እንደምነሣ ቆጠረች። አምስት ጊዜ። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈችና «መምህር፣ አጥንትዎ ሥራውን ጨርሷል። ጡንቻዎ ግን ስምንት ወር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። እርሱ ደግሞ በማሸት አይመለስም፤ ሠርተው ነው የሚመልሱት» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ከዘራ አያያዝ ነበር። ከዘራውን በታመመው እግሬ በኩል፣ በቀኝ እጄ ነበር የምይዘው፤ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚይዘው። ወደ ግራ እጄ አዛወረችው። ከዘራው በጤነኛው በኩል ሆኖ ከታመመው እግር ጋር እኩል ሲረግጥ ክብደቱን ይጋራዋል። ደረጃ ላይ ደግሞ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ የታመመው። ስምንት ወር ሙሉ ይህችን የነገረኝ አልነበረም፤ በዚያው ዕለት የቤቴን ደረጃ ያለ ሰው ድጋፍ ወጣሁ።

የቤት ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ተኝቶ ጉልበትን ወደ አልጋው መጫንና እስከ አሥር መቁጠር፣ እግርን ሳያጥፉ ማንሣት፣ ተረከዝን አልጋው ላይ እያንሸራተቱ ወደ ራስ መሳብ። ቆይቶ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ከዚያም ቡናው እስኪፈላ በአንድ እግር መቆም። እኔ ቀድሞ ሕመም በተሰማኝ ቁጥር የማቆም፣ ደህና በሆንኩ ቀን ደግሞ አብዝቼ ሠርቼ ሦስት ቀን የምተኛ ሰው ነበርኩ። መላ የሰጠችኝ እርሷ ናት። «ሕመሙን ከ10 ይስጡት። እስከ 3 ወይም 4 ከሆነ ይቀጥሉ። በማግስቱ ጠዋት አብጦ ወይም ብሶ ከተገኘ የትናንቱ በዝቷል፤ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ።»

ነሐሴ ሲገባ በፍልሰታ ምን ልብላ ብዬ ተጨንቄ ነበር። ጾሜን እንድተው አልነገረችኝም፣ ከውጭ የመጣ ጡንቻ ገንቢ የፕሮቲን ዱቄትም ግዛ አላለችኝም። በየማዕዱ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ እንዳይጠፋ፣ ጾሙ ሲፈታ እንቁላልና ወተት እንዲጨመር ብቻ አዘዘች። የሻዩ ስኳርም ወደ አንድ ማንኪያ ወረደ።

አንድ ቀን ባቴ አብጦና ሞቆ ሄድኩ። ሳትነካኝ የደም መርጋት እንዳይሆን ሐኪም ይየው ብላ ወደ ሆስፒታል ሰደደችኝ። ደግነቱ አልነበረም። የዚያን ቀን ገንዘብ አልተቀበለችኝም፤ ሙሉ በሙሉ ያመንኳትም ከዚያ ወዲህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ላይ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። እኛ የጀመርነው በቀን ከአምስት ደቂቃ ነው። የፋሲል ግቢ ቅጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ እኔ ግን በሜትር ሳይሆን በበሮቹ ነበር የምቆጥረው። ከጃንተከል ዋርካ በኩል ተነሥቼ መጀመሪያ አንድ በር፣ ከሳምንት በኋላ ሁለት በር። ሙሉውን ዙሪያ የጨረስኩ ዕለት ጥቅምት ነበር፤ ደውዬ ነገርኳት፣ ከእኔ በላይ ደስ ያላት እርሷ ናት።

የጥምቀትን ዝማሬ ከስብራቱ በኋላ በነበረው ጥር አልጋ ላይ ሆኜ ነበር የሰማሁት። ዘንድሮ ለከተራ፣ ጥር 10 ቀን፣ ታቦታቱን አጅቤ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ በእግሬ ወረድኩ። ከዘራዬን ይዤ ነበር፤ በግራ እጄ።

አሁን በ30 ሰከንድ 14 ጊዜ እነሣለሁ፣ የጭኔ ልዩነትም 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ሙያ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲያችን የሚያስተምረው ነው። እኔ በከተማዋ እየኖርኩ ሳላውቅ ስምንት ወር አባከንኩ፤ እናንተ አታባክኑ። ሐኪማችሁ እንደፈቀደ ሂዱ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ፣ አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የራጅ ፊልማችሁንና የሐኪም ወረቀታችሁን ያዙ፣ ያለ እነርሱ አትጀምርም። ከጉልበት በላይ የሚሰበሰብ ሰፊ ሱሪ ልበሱ። የቤት ሥራውን ሳትሠሩ ብትሄዱ ከደብተሩ ላይ ታውቅባችኋለች።

እኅቴ፣ እጅሽ ይባረክ። መስከረም ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ ያስተማርኳቸው ልጆችም ምስጋና ልከውልሻል።