ሁዋዌ ቢ311 ራውተር፦ ገመድ ማስገባት ለሚከብደው ቤት

ኢንተርኔት በአነስተኛ ወጪ ቤት ለማስገባት ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ያገለገለ የፎርጂ ራውተርና አንድ የዳታ ሲም ነው። ከእነዚህ መካከል ቢ311 ሦስት አራት ሰው ላለበት ቤት ይበቃል፤ የት እንደሚቀመጥ ካልታወቀ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

በፎርጂ እስከ 150 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያወርዳል፣ እስከ 50 ይልካል። ይህ የዕቃው ጣሪያ ነው፤ ቤት ውስጥ ከዚህ በጣም ያነሰ ጠብቁ። ዋነኛው ድክመቱ ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ መሆኑ ነው። ብዙ ራውተር ባለበት ሕንፃ ላይ ቻናሉን (ዋይፋዩ የሚሠራበትን መስመር) በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ከአውቶማቲክ አውጥታችሁ ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ብዙም ያልተያዘውን ምረጡ። የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርዝ አድርጉት።

ያገለገለ ስትገዙ ሲማችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት። የቴሌኮም ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው የሚሸጡት ራውተር ለሌላ ሲም የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ መክፈቻ ኮድ ከጠየቀ ተዉት። ከቢ311 በኋላ ያለውን ቁጥርም እዩ፦ የሚቀበላቸው የሞገድ ባንዶች በእሱ ይለያያሉ። አስማሚው (ቻርጀሩ) 12 ቮልት 1 አምፔር መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰ ከተሰካበት ሥራ ሲበዛበት እየጠፋ ይነሳል፣ ገዢውም ራውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

የሲሙን ፒን መጀመሪያ በስልክ አጥፉት። ማስገቢያው ለማይክሮ ሲም ስለሆነ ናኖ ሲም ያለ መያዣ አትክተቱ፤ ባዶ መያዣ ብቻውን ከገባ ደግሞ ሲወጣ የውስጡን ጥርሶች ያጣምማል። የራውተሩ መብራት በርቶ ኢንተርኔት ካልመጣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ኤፒኤን፣ ማለትም ሲሙ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት የመግቢያ ስም ነው፤ ድርጅቱ የሚሰጠውን ስም በትክክል ሙሉ።

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። በብራውዘር 192.168.8.1 ብላችሁ ግቡ፣ የመግቢያውን ፓስወርድ ቀይሩና የመሣሪያውን መረጃ ገጽ ክፈቱ። አርኤስአርፒ የሚለው ቁጥር የሲግናሉን ጉልበት ያሳያል፤ ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። -90 አካባቢ ጥሩ ነው፣ ከ-110 ካለፈ አስቸጋሪ ነው። ኤስአይኤንአር ደግሞ ጥራቱን ይነግራችኋል፦ ከ13 በላይ ደስ ይላል፣ ከ0 በታች ከሆነ አርኤስአርፒው ቢያምርም መስመሩ ይጎተታል። ራውተሩን ከመስኮት ወደ መስኮት አዘዋውሩ፣ በየቦታው አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁና ቁጥሩን ጻፉ። ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል። ከብረት በር፣ ከፍሪጅና ከትልቅ መስታወት አርቁት። ቁጥሮቹ ቀን ከሌሊት ጥሩ ሆነው ማታ ማታ ብቻ ፍጥነቱ ከወደቀ የተጨናነቀው ታወሩ ነው፤ ውጫዊ አንቴና መግዛት ብዙም አይረዳም።

ፓኬጁን ሳይታሰብ የሚጨርሱት ስልኮቹ ራሳቸው ናቸው። ከዋይፋይ ጋር ሲገናኙ ዳታው የማያልቅ ስለሚመስላቸው አፕ ያድሳሉ፣ ፎቶ ወደ ደመና ይጭናሉ። በአንድሮይድ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ አጠቃቀሙ የሚለካ መሆኑን ምረጡ፤ በዊንዶውስም ተመሳሳይ ማስተካከያ አለ። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በሰዓት 3 ጊጋ ድረስ ሊበላ ስለሚችል ልጆች የሚያዩትን 480ፒ ጥራት ላይ አድርጉት። እነዚህን ሳታስተካክሉ ትልቅ ፓኬጅ አትግዙ።

ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ባለ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ) ከሁሉ ይሻላል። 5 ቮልትን ወደ 12 የሚያሳድግ ገመድ በፓወር ባንክ ላይ መሰካትም ይቻላል፣ ግን ራውተሩ 12 ዋት ሲጠይቅ ከፓወር ባንኩ ከ2.4 አምፔር በላይ ይሳባል። 1 አምፔር ብቻ በሚሰጠው ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት እየተነሳ ይወድቃል።

ብቻውን ለሚኖርና አንድ ኮምፒውተር ላለው ሰው ይህን ዕቃ መግዛት አልመክርም። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት ይበቃዋል፤ ከሆትስፖት ይልቅ መስመሩ የተረጋጋ ነው፣ ስልኩም እዚያው ቻርጅ ይደረጋል።